ጋሽ ዘለቀ ያልተሸከሙት ድንጋይ

የጋሽ ዘለቀን ሞት የሰማሁት ለአንዲት የሙሽራ እናት የወርቅ ዘርፍ እየለካሁ ነው። የደወለችው ልጃቸው ናት። «ትርሲትዬ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። ዘርፉን ለክቼ ጨረስኩ፣ ቆረጥኩ፣ ጠቅልዬ ሰጠሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩት። ሴትየዋ ደንግጣ «ምነው፣ ዘመድ ነው?» አለችኝ። ዘመዴ አይደሉም። የሱቅ ጎረቤቴ ነበሩ፤ በኋላ ደግሞ በእኔው ሱቅ ጥግ ላይ የስፌት መኪናቸውን ተክለው ሠርተዋል። «ከዘመድ ይበልጣሉ» አልኳትና ሸኘኋት።

ከሱቄ ፊት ለፊት፣ በአቶ ሙሉጌታ መደብር ደጃፍ ላይ አንድ ጥርብ ድንጋይ አለ። አዲስ ደንበኛ ሁሉ ይገርመዋል። መስተዋቱ የሚያብረቀርቅ፣ ወለሉ ጠዋት ማታ የሚወለወል መደብር በሩ ላይ ድንጋይ ለምን ያስቀምጣል? መኪና እንዳይቆም ነው? ለመቀመጫ ነው? ሁሉም የሚጠይቀው እኔን ነው፤ ክርና ቁልፍ ከመሸጤ ሌላ የመንደሩ አስጎብኚ ያደረገኝ ማን እንደሆነ አላውቅም። አሁን አንዴ ጽፌው ልረፍ።

ጋሽ ዘለቀ ካባ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸው ከሸማ ተራ ጀርባ፣ ከእኔው ጋር ግድግዳ የሚጋራ ነው። የሙሽራ ካባ፣ የካህን ካባ ይሰፋሉ፤ የሚያከራዩትም አላቸው። ዛሬ ጥልፉን ኮምፒዩተር ያለው ማሽን ነው የሚጠልፈው፤ እሳቸው ግን ቢያንስ አንገቱን በእጃቸው ካልጠለፉት ካባው ካባ አይመስላቸውም። ረጅምና ቀጭን ነበሩ። የመነጽራቸው አንድ እጅ ተሰብሮ በወርቅ ክር አስረውት ነበር። «ጋሼ፣ መነጽር ይግዙ እንጂ፣ ያሳፍራል» ስላቸው «ያንቺ ዓይን ነው የማያይ፤ ይሄ እኮ የወርቅ መነጽር ነው» ይሉኛል። ካባ ሲያጥፉ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ገበሩን ወደ ውጭ ገልብጠው፣ ወርቁ ከወርቅ እንዳይፋተግ መሃል ላይ ነጠላ ጨርቅ አስገብተው፣ በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ያስቀምጡታል። ደንበኛው ቸኩሎ ፌስታል ይዞ ቆሞ ቢቁነጠነጥ ግድ አይሰጣቸውም።

ካባ ሊከራይ የመጣ ሙሽራ መስተዋት ፊት ቆሞ ደረቱን ሲነፋ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉትና «ያምርብሃል። ሰኞ ትመልሰዋለህ» ይሉታል። ሚዜዎቹ ይስቃሉ፤ ሙሽራውም ይስቃል። ይህቺን ቃል ሳይባል የወጣ ሙሽራ አላየሁም።

ሌላው የማልረሳው ጩኸታቸው ነው። ተራው ውስጥ ጠብ ሲነሣ፣ ደላላና ጋሪ ገፊ ሲተናነቁ፣ ብቅ ይሉና «በሕግ አምላክ!» ይላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ። የድሮ ሰው በዚህ ቃል እግሩን ሳያነሣ ይቆም እንደነበር ስንሰማ ነው ያደግነው፤ በዛሬ መርካቶ ማን ይሰማል ትሉኝ ይሆናል። ለእሳቸው ይሰማ ነበር። የተሰነዘረ ቡጢ አየር ላይ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ። ምክንያቱ ምናልባት ከጮኹ በኋላ ሮጠው ስለማይገላግሉ ይሆናል። እጃቸውን አጣምረው ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሰዉ ያፍራል።

ቤዛም ያገኘቻቸው እንዲህ ሲጮኹ ነው። ቤዛ ፊልም የምትሠራ ወጣት ናት፤ ለታሪክ ፊልም ልብስ ፍለጋ ተራችን መጥታ፣ ጩኸቱን ሰምታ፣ አንገቷን አዙራ ቀረች። «ዳኛዬን አገኘሁት» አለችኝ፤ እኔ ፍርድ ቤት ጉዳይ ያላት መስሎኝ ነበር።

የፊልሙን ታሪክ ከአያቷ ነው የሰማችው። በድሮ ዘመን አንድ ንጉሥ የአንዲት መበለት ርስት ያምረዋል። መቀማቱ አያቅተውም፤ ግን ሕዝብ እንዳያማው ዳኛው «ርስቱ የንጉሡ ነው» ብሎ እንዲፈርድለት ይፈልጋል። ዳኛው የለበሰው የሹመት ካባ ንጉሡ የሸለመው ነው፤ እንጀራውም ከንጉሡ ነው። ሆኖም «ሕሊናዬ አይፈቅድም፣ አልፈርድም» ይላል። ንጉሡ ተቆጥቶ ከችሎቱ ሊወጣ ሲነሣ ዳኛው «በሕግ አምላክ፣ ጃንሆይ ይቁሙ!» ይለዋል። ንጉሡ ሳይሰማው ይወጣል። ዳኛው ካባውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ዙፋኑ ሥር ያስቀምጥና በእጀ ጠባቡ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በማግሥቱ ይወስዱታል። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል። ቤዛ ነግራን ስትጨርስ ጋሽ ዘለቀ «እሺ፣ እሞክረዋለሁ» አሏት።

ወጪውን የቻሉት አቶ ሙሉጌታ ናቸው። ከፈዩንም ሐሩንም ከውጭ የሚያስመጡት እሳቸው ናቸው፤ የተራው ግማሽ ሱቅም የእሳቸው ነው። ጋሽ ዘለቀም ተከራያቸው ነበሩ። ክፉ ሰው ናቸው አልልም። ለቅሶ አይቀሩም፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ሰው እንዲቃወማቸው ግን አልለመዱም። ከጀርባቸው «ጃንሆይ» ማለት የጀመርነው ፊልሙ ከመታሰቡ በፊት ነው። ስለዚህ ለቤዛ «ንጉሡን እኔው እሠራዋለሁ» ሲሏት ማንም አልሳቀም። እኔ ብቻ ሱቄ ገብቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ሳቅኩ።

የንጉሡንም የዳኛውንም ካባ የሰፉት ጋሽ ዘለቀ ናቸው። አቶ ሙሉጌታ ቀዩን ካባ ደርበው መስተዋት ፊት ሲቆሙ ተራው ሁሉ እልል አለ። ጋሽ ዘለቀ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉና በለመደ አፋቸው «ያምርብሃል ሙሉጌታ። ሰኞ ትመልሰዋለህ» አሏቸው። ሁላችንም ሳቅን። አቶ ሙሉጌታ አልሳቁም።

ቀረጻው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ አንድ የድሮ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። እኛ የተራው ነጋዴዎች ነጠላ አጣፍተን፣ ስልካችንን ደብቀን፣ ችሎት የሚከታተል ሕዝብ ሆንን። የችሎቱ ትዕይንት ደረሰ። ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሣ፤ ጋሽ ዘለቀ በዚያች በምናውቃት ድምፅ «በሕግ አምላክ፣ ጃንሆይ ይቁሙ!» አሉ።

አቶ ሙሉጌታ ቆሙ። ሳይሰሙ መውጣት ሲገባቸው አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አንሥተው ቆሙ። እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ደህና ነበር። ከአጥሩ ውጭ ጣቃ ጨርቅ የጫነ ጋሪ ሲንኳኳ የነበረው ድምፅም ቆመ፤ ከዚያ አንዱ ተሸካሚ የበሩን ቆርቆሮ ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባና «ማነው የተጣላው ጋሼ?» አለ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ካሜራ የያዘው ልጅ ሳይቀር ተንከተከተ። እንደገና ተቀረጸ፤ አቶ ሙሉጌታ እንደገና ቆሙ። «እግሬ ነው» አሉ ተናደው። ደጋግመው ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፤ ድምፁን ሲሰሙ አንዲት ነገር ትይዛቸዋለች። በመጨረሻ ቤዛ «ይሁን፣ ንጉሡ ይቁም፤ እንዲያውም ያምራል» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራው ሌላ ወሬ አልነበረውም። «ጃንሆይ ቆሙ!» እያለ ጋሪ ገፊው ሁሉ ይቀልዳል። ቀልዱ አቶ ሙሉጌታ ጆሮ ደረሰ። መድረሱን ያወቅነው ቤዛ አንገቷን ደፍታ አዲስ መጨረሻ ይዛ ስትመጣ ነው። በአዲሱ ታሪክ ዳኛው ሲያሰላስል ያድርና ጥፋቱ ይታወቀዋል፤ ጠዋት አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በንጉሡ እግር ሥር ወድቆ «ማረኝ» ይላል፤ ንጉሡም በርኅራኄ ድንጋዩን አውርዶለት ያነሣዋል። «ካልሆነ ወጪውን አቆማለሁ ብለዋል» አለች ቤዛ። ዓይኗ እንባ አዝሎ ነበር። አብረዋት የሚሠሩት ልጆች ሥራቸውን ትተው ነው የተከተሏት።

ጋሽ ዘለቀ «ድንጋይ አልሸከምም ልጄ» አሏት። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም።

በማግሥቱ አቶ ሙሉጌታ ራሳቸው መጡ፤ ድንጋዩን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው። ስፖንጅ ተራ የሚሠራ ልጅ ቆርጦ ግራጫ ቀለም የቀባው ስፖንጅ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ያስፈራል። እኔ ቁልፍ የምደረድር መስዬ በራፉ ላይ ቆምኩ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ እስቲ ይያዙት።»

«አይቼዋለሁ» አሉ ጋሽ ዘለቀ፣ ከጥልፋቸው ቀና ሳይሉ።

«ኪሎ አይሞላም እኮ! ስፖንጅ ነው!»

«አውቃለሁ ሙሉጌታ።»

«ታዲያ ምንድነው ችግሩ? ፊልም ነው። እኔ የእውነት ንጉሥ ነኝ? እርስዎ የእውነት ዳኛ ነዎት?»

«አይደለንም።»

«እንግዲያው!»

«ዳኛው ምን አጥፍቶ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?»

«ንጉሥ ያህል ነገር ሰው ፊት አስቁሞ!» አሉ አቶ ሙሉጌታ። ጩኸታቸው እስከ ተራው ጫፍ ተሰማ።

ጋሽ ዘለቀ አሁን ቀና አሉ። «ውደቅ ብትለኝ እወድቃለሁ፣ ተገረፍ ብትለኝ እገረፋለሁ፤ ፊልም ነው። ሞቼም ልታይልህ እችላለሁ። ድንጋዩን ግን ተወኝ።»

አቶ ሙሉጌታ ሱቁን ዙሪያውን አዩት፤ የተሰቀሉትን ካባዎች፣ ጣሪያውን፣ በሩን። «ስንት ዘመን አብረን ኖርን። ይቺን ቤትም ቢሆን እኮ...» ብለው ተዉት።

«ቤቷ ያንተ ናት» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

እንደሄዱ እኔ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ተናድጄ ነበር፤ የተናደድኩት በአቶ ሙሉጌታ አይደለም፣ በእሳቸው ነው። «ጋሼ፣ አብደዋል?» አልኳቸው። «በዚህ ዕድሜዎ ከሱቅዎ ሊወጡ ነው? ለፊልም? ለስፖንጅ?» ተራው ሁሉ እንደዚያው ይላቸው ነበር። ሽማግሌዎች መጡ፣ ልጃቸው መጥታ አለቀሰች። የፊልሙ ልጆች ድካም ገደል ሊገባ ነው አሏቸው። አንዳንዱ ኩራት ነው አለ፤ ሌላው እርጅና ነው አለ። እኔም ከሁለቱ አንዱ ይመስለኝ ነበር።

«ተቀመጪ» አሉኝ። መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። «ከድር የሚባል ተሸካሚ ነበር፤ አንቺ ወደዚህ ሳትመጪ ነው።»

ከድር ወጣት ነበር፣ የአቶ ሙሉጌታን ዕቃ ያወርዳል። አንድ ቀን አንድ ጣቃ የወይን ጠጅ ቀለም ከፈይ ጠፋ። መጨረሻ ላይ መጋዘን የገባው ከድር ስለሆነ ጣት ሁሉ ወደ እሱ ተቀሰረ። አቶ ሙሉጌታ «ለፖሊስ እሰጠዋለሁ» አሉ። ጋሽ ዘለቀ ሽማግሌ ሆነው መሃል ገቡ። ልጁን ለብቻው ወስደው ጠየቁት፤ «አልወሰድኩም ጋሼ፣ ወላሂ» አላቸው። አመኑት። አመኑትና ግን፣ እስር ቤት ገብቶ ከሚንገላታ አንዴ ጎንበስ ቢል ይሻለዋል ብለው አሰቡ። ድንጋይ ይሸከም፣ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ጉዳዩ ይዘጋ። ከድር እምቢ አለ። ጋሽ ዘለቀ ራሳቸው ለመኑት። «ለእኔ ስትል» አሉት። ተሸከመ። ተራው ሁሉ ወጥቶ እያየ፣ አቶ ሙሉጌታ ድንጋዩን አወረዱለት፤ ሰዉ አጨበጨበ። ሽማግሌው ጋሽ ዘለቀም ተመሰገኑ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ጣቃው ተገኘ። በስሕተት ደሴ ላለ ደንበኛ ተጭኖ ሄዶ ኖሯል፤ ሰውየው መልሶ ላከው። ሙሉጌታ ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። ያኔ ከድር የለም። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የጠየቀ ተሸካሚ ማን መጋዘን ያስገባዋል? አንድም ሰው ሥራ አልሰጠው ብሎ ከዚህ ጠፋ። ሙሉጌታ "አሁን ምን ያደርጋል፣ ልጁም ሄዷል" አለ። እኔም ዝም አልኩ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ስፖንጅ ነው ትይኛለሽ። የከድርም ድንጋይ እኮ ለእኔ ቀሎኝ ነበር። የተሸከምኩት እኔ አይደለሁማ።»

ንዴቴ ግን አልወጣልኝም፤ ያኔ ቢናገሩ ኖሮ ዛሬ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ።

በቀረጻው ቀን ጋሽ ዘለቀ አልቀሩም። የዳኛውን ካባ ለብሰው መጡ። ስፖንጁ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ አቶ ሙሉጌታ ዙፋን ላይ ናቸው። ሁላችንም ልባቸው የራራ መሰለን። ቤዛ «ጀምር» እንዳለች ጋሽ ዘለቀ ካባውን አወለቁ። ገበሩን ወደ ውጭ ገለበጡ፤ ከኪሳቸው ነጠላ ጨርቅ አውጥተው መሃሉ ላይ አስገቡ፤ እንደ ሁልጊዜው ቀስ ብለው አጠፉት። ዙፋኑ ሥር አስቀምጠው፣ እጅ ነሥተው፣ በሸሚዝ ብቻ በቆርቆሮው በር ወጡ። ማንም «ይቁሙ» አላለም።

ወሩ ሳያልቅ ሱቁን አስረከቡ። የስፌት መኪናቸውን ሁለት ልጆች አንሥተው እኔ ጋ አስገቡላቸው፤ ክሮቼን ወደ አንድ ወገን ሰብስቤ ቦታ ሰጠኋቸው። አቶ ሙሉጌታ ከፈይ አልሸጥም ስላሏቸው ደንበኛ ራሱ ገዝቶ ያመጣላቸው ጀመር። ብዙው ደንበኛ ግን አይመለስም። ቀኑን ሙሉ የሰው ነጠላ ጥለት እየጠገኑ ይውሉ ነበር። እሳቸው አንድም ቀን አላማረሩም፤ መነጽሩን ብቻ ደጋግመው ያስሩት ነበር።

ፊልሙ አለቀ። ምርቃቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ በአንድ አዳራሽ ተደረገ፤ ተራው ሁሉ ለብሶ ወጣ። «አይሂዱ» አልኳቸው። «የሠራሁትንማ ልየው» አሉኝ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። የችሎቱ ትዕይንት ሲመጣ፣ ንጉሡ ሲቆም፣ ሰዉ በፉጨት አዳራሹን አናጋው። ጋሽ ዘለቀ ፈገግ አሉ። ከዚያ መጨረሻው መጣ። ጠዋት ነው፤ ካሜራው ከኋላ ነው። የዳኛውን ካባ የለበሰ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ዙፋኑ ያዘግማል። ፊቱ አይታይም። ካባው ግን የጋሽ ዘለቀ ካባ ነው፤ አንገቱ ላይ ያለው ጥልፍ የእጃቸው ሥራ ነው። ወደቀ። ንጉሡ ድንጋዩን አወረደለት። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ።

ከኋላችን የተቀመጠ፣ በመጨረሻው ቀረጻ ያልነበረ የተራችን ሰው በደስታ ትከሻቸውን ያዝ አድርጎ «ጋሽ ዘለቀ፣ በመጨረሻ ተሸከሙ ማለት ነው! እንዲህ ነው ትልቅ ሰው!» አላቸው። እኔ ዞሬ ልሰድበው ስል ክንዴን ያዙኝ። መብራት ሲበራ ፊታቸውን አየሁት፤ እንባቸው እስከ አገጫቸው ወርዷል። ቤዛ በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። «አይዞሽ፣ ሥራሽን ነው የሠራሽ» ብለዋት አለፉ።

መንገድ ላይ «ጭብጨባውን ሰማሽ?» አሉኝ።

«ይተዉት ጋሼ። ጀርባው የእርስዎ እንዳልሆነ የሚያውቅ ያውቃል።»

«ስለ እኔ አይደለም። ለከድርም እንዲህ ነበር ያጨበጨቡት። እኔ ያኔ ከፊት ቆሜ ነበር፤ ከኋላ እንዴት እንደሚታይ አላየሁትም።»

በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ቀድመውኝ ቆመዋል። እግራቸው ሥር የመንገድ ሠራተኞች የጣሉት አንድ ጥርብ ድንጋይ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከድርን አፈላልገው አግኝተውታል፤ አትክልት ተራ ሽንኩርት ያከፋፍላል። «ላስቸግርሽ፤ ዣንጥላዬን ያዢልኝና አብረሽኝ ነይ። ብወድቅ ማን ያነሣኛል» አሉኝ። ሱቄን ዘጋሁ። ድንጋዩን ሁለታችን በየተራ እየተሸከምን፣ እያረፍን ሄድን። ደም ግፊት እንዳለባቸው ስለማውቅ ከዓይኔ አልለየኋቸውም።

አትክልት ተራ እንደ ወትሮው ጭቃና ሁካታ ነው። ከድር ጎልማሳ ሆኗል፣ ጢሙ ሸብቷል፤ የሽንኩርት ጆንያ ያስወርድ ነበር። ጋሽ ዘለቀ ከሩቅ እንዳዩት ድንጋዩን ከማዳበሪያው አወጡና «አግዢኝ» አሉኝ። አንገታቸው ላይ ደገፍኩላቸው። ጎንበስ ብለው ሄደው ፊቱ ቆሙ።

«ከድር፣ ዘለቀ ነኝ። ጣቃው ተገኝቶ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ።»

ጆንያ የያዙት ልጆች ባሉበት ቀሩ። ከድር ጋሽ ዘለቀን አያቸው። ፊቱ ላይ ምን እንደሚመላለስ ማወቅ አልቻልኩም። እኔ «ቶሎ አውርድላቸው» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ይቅር እልዎታለሁ። እዚህ ግን አይደለም። እኔ የተሸከምኩት እዚያ ነው፤ ሰው ሁሉ እያየኝ።»

«አንተ፣ ሽማግሌ ናቸው እኮ!» አልኩት።

«ትክክል ነው» አሉ ጋሽ ዘለቀ። ከድንጋዩ ሥር ሆነው ነው የተናገሩት። ዞሩና መንገድ ጀመሩ።

ያንን መንገድ መቼም አልረሳውም። ጋሽ ዘለቀ ከፊት፣ እኔ ዣንጥላ ይዤ ከጎናቸው፣ ከድር ከኋላ። ሚኒባሶች ጥሩንባ ይነፋሉ፣ ሰው ይጠይቃል፣ አንዳንዱ «ላግዝዎት አባባ» ይላል። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ከድር ክንዳቸውን ይደግፋል፤ ድንጋዩን ግን አይነካም። በርበሬ በረንዳ ስንደርስ አስነጠሳቸው፤ ድንጋዩ ሊወድቅ ሲል ሁለታችንም ጮኽን። እሳቸው ሳቁ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ መሳቃቸው ይበልጥ አስለቀሰኝ። መርካቶ መሃል ስንገባ ጋሪ ገፊዎቹ አወቋቸው፤ «ዞር በሉ፣ ጋሼን አሳልፉ!» እያሉ መንገድ ከፈቱ።

ተራችን ስንደርስ ሰው ከየሱቁ ወጣ። ጋሽ ዘለቀ አቶ ሙሉጌታ መደብር ፊት ቆሙ፤ ከድር ድንጋይ የተሸከመበት ቦታ ነው። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ያንኑ ቃል ደገሙት፤ ጣቃው ተገኝቶ እንደነበር፣ ከድር ንጹሕ እንደሆነ፣ እሳቸው እያወቁ ዝም እንዳሉ። የአቶ ሙሉጌታን ስም አላነሡም። ከድር ሁለት እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን ከአንገታቸው አነሣና «አፉ ብያለሁ ጋሼ» አለ። ማንም አላጨበጨበም። ተቃቀፉ፤ ሁለቱም እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ከድር ድንጋዩን የት እንደሚጥለው ዙሪያውን አየ። አቶ ሙሉጌታ ከመስተዋቱ ኋላ ቆመዋል። ከድር ሄዶ ደጃፋቸው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። «እዚህ ይሁን» አለ። «እኔም ተሸክሜያለሁ፣ ጋሼም ተሸክመዋል። የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ድንጋዩ ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ነው። ዘበኛው አንዴ ሊያነሣው ሲል ተሸካሚዎቹ «አይነካም» አሉት። የሚገርመኝ አቶ ሙሉጌታም አንድም ቀን «አንሡት» ብለው አያውቁም። ሲገቡም ሲወጡም ዞረውት ያልፋሉ። ጋሽ ዘለቀ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ድንጋዩ አንሥተው አያውቁም። ጥግ ላይ ተቀምጠው ጥለት ይጠግናሉ፤ ከድር አንዳንድ አርብ ከሶላት መልስ ብቅ ይልና ሻይ ይጠጣሉ። ጤናቸው ከዚያ መንገድ በኋላ አልተመለሰም። ያ ድንጋይ ገደላቸው የሚል አለ። እኔም አንዳንድ ቀን እንደዚያ እያሰብኩ እናደዳለሁ፤ ሲስቁ ትዝ ሲሉኝ ደግሞ እተወዋለሁ።

የቀብራቸው ዕለት ሱቄን ልዘጋ ስል አቶ ሙሉጌታ ከመደብራቸው ወጡ። ጥቁር ኮት ለብሰው ነጠላ ደርበዋል፤ ባየኋቸው ጊዜ ሁሉ ያልታየኝ እርጅና ያን ቀን ታየኝ። እንደ ልማዳቸው ድንጋዩን ዞረው ሊያልፉ እግራቸውን አነሡና፣ ቆሙ።

«ትርሲት፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ሰዓት፣ ተክለ ሃይማኖት።»

«ያ... ከድር ይመጣል?»

«ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ተራውን ግራና ቀኝ አዩ፤ ሁሉም ለቀብር ወጥቶ ሱቆቹ ዝግ ናቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ።

«ከባድ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ስፖንጅ አይደለም» አልኳቸው።